የምዕራቡ ጥግ

አምስተኛ ወር፣ ቀን 8

ይሩ፣ የልጄ የጁንዴ ሚስት፣ ከምሳ በኋላ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ጠራችኝ። "አባባ፣ ኮርኒሱ ከግድግዳው ተላቋል።"

ገብቼ አየሁ። በኮርኒሱና በምዕራቡ ግድግዳ መካከል ትንሿ ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት ተከፍቷል። "ሙቀት ነው ልጄ" አልኳት። "ኮንክሪት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲሞቅ ይለጠጣል። ይህን ለስንት ተማሪ አስተምሬዋለሁ።"

"አሁን እኮ ሙቀት ነው። ታዲያ ለምን አልተለጠጠም?"

ነርስ ናት። ነርስ ሲባል መጠየቅ ይወዳል።

ልጆቹ ከጂያዪ ከተማ ተጠቅልለው እኛ ዘንድ የገቡት በእኔ ልፋት ነው። የሚወለደው የልጅ ልጄ፣ አባቴ በሠራው ቤት እንዲያድግ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ በመጨረሻ ወገቤን አመመኝ። ወገቤ ሠራ። የከተማውን አፓርታማ ግን እስካሁን አልለቀቁም፤ ቁልፉ ከይሩ ቦርሳ ወጥቶ አያውቅም። ይህች ክፍተት ምክንያት እንድትሆናቸው አልፈቅድም።

አምስተኛ ወር፣ ቀን 11

በቤተ መቅደሱ አደባባይ ንግግር አደረግሁ። የመንደራችን የመሬት መስመጥ መከላከያ ኮሚቴ ሊቀመንበር እንደመሆኔ፣ ያለ ፈቃድ የከርሰ ምድር ውሃ የሚስቡትን ስማቸውን ሳልጠራ ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። "ውሃው ሲወጣ መሬቱ እንደ ተነፈሰ ኳስ ይሟሽሻል! ዛሬ የዓሣ ኩሬያችንን ለመሙላት የልጅ ልጆቻችንን ቤት እናሰምጣለን!" አልኩ። ጭብጨባው ደስ ይል ነበር። አብልጦ ያጨበጨበው ጎረቤቴ ዲንግ ነው። ሦስት የውሃ ጉድጓድ እንዳለው አገር ያውቃል። ዓይን አውጣ!

የእኔ ሌላ ነው። የእኔ አንድ ናት፣ ለዚያውም ጠባብ። በኩሬዬ የማረባው ሳባሂ የሚባል ዓሣ በበጋ ንጹሕ ውሃ ካልገባለት ይታፈናል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ የእኔ ስስት አይደለም። ጉድጓድ መቆፈር ሲከለከል በላይዋ ላይ ለመሬት አምላክ ትንሽ መቅደስ ሠራሁላት። ተቆጣጣሪዎች መቅደስ ይሳለማሉ እንጂ አያነሡም። በማለዳና ሲመሽ ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ፤ አጎንብሼ ከኋላ ያለውን የውሃ ሞተር ማብሪያ እነካለሁ። መንደሩ "እንደ መምህር ሆንግ አምላኩን የሚያከብር የለም" ይላል። በእርግጥም ብርቱካኑ ትኩስ ነው።

አምስተኛ ወር፣ ቀን 15

ክፍተቷን በጂፕሰም ቦርድ ሸፍኜ በሚስማር ልመታት መሰላል አቆምኩ። ባለቤቴ የመሰላሉን እግር ይዛ ጮኸች።

"የጁንዴ አባት! እርጉዝ ባለችበት ቤት ሚስማር? ጽንሱን የሚጠብቀው መንፈስ የት እንደተቀመጠ ታውቃለህ? ዛሬ ኮርኒስ ላይ ነው! ብትወጋውስ?"

"እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ" አልኳት።

"ተምረህ ውረድ።"

ወረድኩ። ለዚህ ዘመን የማይመጥን አጉል እምነት ነው። እስክትወልድ ድረስ በዚህ ቤት ሚስማር አይመታ፣ ከባድ ዕቃ ከቦታው አይነሣ፣ ግድግዳ አይበሳ! በሲሊኮን ሞላኋት። መንፈሱ በሲሊኮን ላይ ያለው አቋም አልተገለጸም።

አምስተኛ ወር፣ ቀን 22

ሲሊኮኑ ከአንድ ወገን ለቀቀ። ይሩ ከሆስፒታል የቁስል ፕላስተር አምጥታ ከግድግዳው ወደ ኮርኒሱ፣ ክፍተቷን አሻግራ ለጠፈች።

"ይሄ ምንድን ነው? ቤቱ ቆሰለ እንዴ?"

"ቆስሎ ከሆነ እናየዋለን አባባ። ፕላስተሩ ካልተቀደደ ስንጥቁ የድሮ ነው፣ ቆሟል ማለት ነው። ከተቀደደ ግን ቤቱ እየወረደ ነው። እንደዚያ ከሆነ ልጄን ከሥሩ አላስተኛም። እኔና ጁንዴ ተነጋግረናል።"

ጁንዴ ጫማውን ያይ ነበር። ልጄ ከሠርጉ ወዲህ ጫማ ማየት አብዝቷል።

ስድስተኛ ወር፣ ቀን 2

ተቀደደ።

ስድስተኛ ወር፣ ቀን 2፣ ከሰዓት

ባለቤቴና ይሩ ገበያ ሳሉ ወደ መድኃኒት ቤት ሄጄ መጣሁ። ነጩ አልቆባቸው የቆዳ ቀለም ያለውን ሸጡልኝ። ያው ፕላስተር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ቀለሙን ማን ይመረምራል? ለጠፍኩት። ለይሩም ጭንቀት ጥሩ አይደለም፤ ይህን ያደረግሁት ለጤናዋ ነው።

ስድስተኛ ወር፣ ቀን 9

ይሩ ቀና ብላ አየችው፤ ረዘም ላለ ጊዜ። ከዚያ እኔን አየችኝ። "አልተቀደደም" አለች።

"ነግሬሽ አልነበር? ሙቀት ነው!"

"እሺ አባባ" ብላ ሩዝ ጨመረችልኝ። ደግ ልጅ ናት።

ስድስተኛ ወር፣ ቀን 17

ፕላስተር በየሳምንቱ መቀየር አድካሚ ሆነ። ትልቅ ወረቀት ዘርግቼ በወፍራም ብሩሽ "ጽናት" ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ አሁንም አልከዳኝም። ጽሑፉን በክፍተቷ ፊት ለፊት ቀድሞ በነበረ ሚስማር ሰቀልኩት። ከመሰላል ወርጄ ወደ ኋላ ስል ደነገጥኩ። ወረቀቱ ጠማማ ነው! አስተካከልኩት፤ አሁንም ጠማማ። ሌላ ገመድ አሰርኩ፤ ያው።

ጁንዴ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። "አባዬ፣ ወረቀቱ ቀጥ ብሎ ነው የተንጠለጠለው። የተጣመመው ግድግዳው ነው።"

አወረድኩት። ጽሑፉ ለሳሎን ይሻላል። ሳሎን ሰቀልኩት፤ እዚያም ያው ሆነ። አሁን ከአልጋዬ ሥር ተጠቅልሎ ይገኛል።

ስድስተኛ ወር፣ ቀን 20

ጁንዴ መሐንዲስ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ ነው። ቀይ ጨረር በሚያወጣ ውሃ ልክ ቤቱን በሙሉ ዞረው። በሮቹን ከፈተ፣ ዘጋ። በመስኮቶቹ ጥግ እንደ ደረጃ የሚወርዱትን ስንጥቆች በስልኩ አነሣ። "ምሥራቁ ደህና ነው" አለ። "ቤቱ በምዕራቡ ጥግ በኩል እየሰመጠ ነው። ግድግዳው ሲወርድ ኮርኒሱ ከላይ ቀረ። ክፍተቱ ከዚያ ነው የመጣው። በዚያ በኩል ምን አለ?"

በምሥራቅ በኩል የዲንግ ባለ አራት ፎቅ ቤት መሬቱን ስለሚጫን፣ ጥፋቱ የዲንግ ነው ብዬ ለኮሚቴው ግማሽ ሪፖርት ጽፌ ነበር። "በምዕራብ በኩል መቅደስ ብቻ ነው ያለው" አልኩ።

"መቅደስ ይህን ያህል አይከብድም" አለ ልጁ።

"መሠረቱን ከሥር ሲሚንቶ በግፊት ሞልቶ ማንሣት ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን የሚያሰምጠው ነገር መቆም አለበት" ብሎም ጨመረ። በዚህ ዕድሜው ደፋር ነው። ሻይ አላቀረብንለትም።

ሰባተኛ ወር፣ ቀን 3

የሙታን መናፍስት የሚወጡበት ወር ገባ። አሁን ማንም ቤት መሥራት ወይም ማደስ አይጀምርም፣ ማንም ቤት አይለቅም። እፎይ! ልጆቹ ቢያንስ በዚህ ወር አይሄዱም። ባለቤቴ ግን አላረፈችም፤ የቤት አቀማመጥ የሚያነብ አዋቂ ከቤይጋንግ ከተማ አስመጣች። እኔ በዚህ አላምንም። ቢሆንም ሸሚዜን ቀየርኩ።

አዋቂው ኮምፓሱን ይዞ በግቢው ተንጎራደደና በምዕራቡ ጥግ ቆመ። "በዚህ በኩል ውሃ አለ?"

"የለም!" አልኩ። ትንሽ ሳልቸኩል አልቀረሁም።

"አዎን! ችግሩ ይሄው ነው። ውሃ ይጎድላል። ትልቅ ገንዳ ተክለህ እስከ አፉ ሙላው።"

ተከልኩ። ሞላሁት። በምን እንደሞላሁት ግልጽ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ቀጭን ነው። ይሩ በመስኮት ስታይ ነበር።

ሰባተኛ ወር፣ ቀን 12

ሙቀቱ ከፋ። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃ በላይ ያወጣሉ። አምላኩ ዘንድ ቆይታዬ ረዘመ። ባለቤቴ "ዘንድሮ መንነሃል" ትላለች። የመታጠቢያ ቤቱ በር መዘጋት እምቢ አለ። የሾርባው ሳህን ዳር ላይ ሾርባው ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ይጠጣል፣ ማንም አይናገርም። ቤተሰቤን የምወደው ለዚህ ነው።

ሰባተኛ ወር፣ ቀን 19

አውሎ ነፋሱ አለፈ። በክፍተቷ ዝናብ ገባ። በይሩ አልጋ አጠገብ ባልዲ ደቀንን። እሷ በሆዷ ላይ እጇን አድርጋ የጠብታውን ድምፅ ስታዳምጥ አየኋትና አፈርኩ። ለምን እንደሆነ አልጽፍም።

ከባሕር የመጣው ጎርፍ መቅደሱን ከብቦታል፤ አምላኩ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ዲንግ ከኮሚቴው አባላት ጋር ሱሪውን ሰብስቦ መጣ። "ሊቀመንበር፣ ልባችን ተነካ" አለ። "አንተ ስታገለግለው የኖርከው አምላክ እንዲህ ሲዋረድ ዝም አንልም። በክሬን እናነሣውና ከሥሩ ከፍ ያለ መድረክ እንገነባለታለን። ከእኛ ስጦታ ይሁንልህ!"

"አይሆንም!" አልኩ። ሁሉም ዞሩ። "ምራቴ እርጉዝ ናት። ጽንሱን የሚጠብቀው መንፈስ... ከባድ ነገር አይነሣም! በተለይ በምዕራብ በኩል!"

ባለቤቴ አፏን ከፍታ ቀረች። "እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ ያልከው የት ደረሰ?"

"የተማረ ሰው ይማራል" አልኳት። ዲንግ በአክብሮት አንገቱን ነቀነቀ። ቀኑን እንመርጣለን ብሎ ሄደ።

ስምንተኛ ወር፣ ቀን 6

ሴት ልጅ! በጂያዪ ከተማ፣ ይሩ በምትሠራበት ሆስፒታል ተወለደች። ያዘጋጀሁት ስም ሁሉ የወንድ ነበር፤ ቀደድኩት። ጣቴን ያዘችውና አልለቅም አለች። ስቄ ስቄ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ደስታ ከጁንዴ ልደት ወዲህ አላየሁም።

ይሩ የአራስነቷን ወር ከእናቷ ጋር በከተማ ታሳልፋለች። "ወር ሲሞላት ለሚደረገው በዓል እናመጣታለን" አለች። "ክፍተቱ ቆሞ ከሆነ እንቀራለን። ካልቆመ ደግሞ በልተን እንመለሳለን። ይስማማሉ አባባ?"

"ቆሟል እኮ" አልኩ።

ይሩ ጁንዴን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

ስምንተኛ ወር፣ ቀን 14

መንፈሱ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፤ ሚስማር ተፈቅዷል! አዲስ ኮርኒስ ከአሮጌው በታች አሠራሁ፤ ዳር ዳሩን በጌጥ ጠርዝ ከበብኩት፣ በስቱኮ አለሰለስኩት። ክፍተት የለም። ምንም የለም። ግድግዳውን የሕፃን ቢጫ ቀባሁት። ተኝቼ ሳየው ኮራሁ።

ስምንተኛ ወር፣ ቀን 25

ከአዲሱ ኮርኒስ በላይ ጠቅ የሚል ድምፅ። አይጥ ይሆናል።

ማሞቂያው ሲበራ ይሆናል። ማሞቂያ የለንም።

ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 6

የበዓሉ ቀን። እስቲ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የወር በዓል ወጉ የሆነው ዘይት የበዛበት ሩዝ ተሠራ፣ እንቁላሉ ቀይ ተቀባ። መንደሩ በሙሉ በግቢያችን ተቀመጠ። ይሩ ልጅቷን አቅፋ ገባች፤ ኮርኒሱን አየች፤ "ያምራል" አለች። ጁንዴ አልጋውን ሊዘረጋ ጀመረ። ይቀራሉ!

በዚህ መካከል የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ዲንግ ክሬን ይዞ መጣ፤ በክሬኑ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። "ሊቀመንበር! ልጅቷ ተወለደች፣ እገዳው ተነሣ! ይሄ ለልጅቷ በዓል የኛ ስጦታ ነው!" ሕዝቡ አጨበጨበ።

"ዛሬ አይሆንም፤ ቀኑ..." አልኩ።

"ቀኑን ከአዋቂው ጠይቀናል። እጅግ መልካም ነው!"

"ሩዙ ይበርዳል..."

"አንተ ደግሞ፣ ትሕትና አታብዛ!" ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ገመዱ ተወጠረ። መቅደሱ ከነብርቱካኑ ተነሣ።

ከሥሩ ቧንቧው ታየ። ሞተሩም ታየ። ጠዋት ማጥፋቱን ረስቼ ኖሮ እየሠራ ነበር።

እኔ የጠበቅሁት ስድብ ነበር፤ አደባባይ ላይ በሰዎቹ ፊት የጮህኩትን ሁሉ አፌ ውስጥ መልሰው እንዲከቱልኝ ጠብቄ ነበር። ዲንግ ሞተሩን ተመለከተ። ጎንበስ ብሎ የሞተሩን ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ ለክሬኑ ሾፌር በእጁ ምልክት ሰጠ።

"አውርደው፣ አውርደው። ቀስ። አምላኩ ቦታውን ወዶታል።"

"ልክ ነው" አለ ሌላው የኮሚቴ አባል። "ከነበረበት ባይነሣ ይሻላል።"

"ለመሆኑ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?" አለኝ ሦስተኛው በጆሮዬ። "የኔ ይሄን ያህል ዝም አይልም።"

መቅደሱ ቦታው ተቀመጠ። ሰው ወደ ሩዙ ተመለሰ። አንድም ሰው አልነቀፈኝም! እንዲያውም ሁሉም ከወትሮው ይልቅ ወዳጅ ሆኑኝ፤ ቢራ ይቀዱልኝ ነበር።

ይሩ ብቻ ልጅቷን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች።

"አባባ፣ ጠዋትና ማታ የሚጸልዩት ለዚህ ነው?"

"ሁሉም ቤት አለ እኮ ልጄ።"

"ስለ ሁሉም ቤት አልጠየቅሁም።"

ወደ ክፍሉ ገብታ የተዘረጋውን አልጋ መልሳ ማጠፍ ጀመረች። ሻንጣውን ስትዘጋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ፕላስተሩን የሚቀይሩት እርስዎ እንደሆኑ አውቅ ነበር" አለችኝ። "የኛ ሆስፒታል ፕላስተር ነጭ ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ልጅቷን ስለሚፈልጓት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቤቱ የሚሰምጥበትን ምክንያት እያወቁ እንደሆነ ግን አላወቅሁም።"

ጁንዴ ዛሬ ጫማውን አላየም። እኔን አየኝ። ጫማውን ቢያይ በተሻለኝ።

ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 9

ዲንግ የተረፈ እንቁላል ሊበላ መጣ። የሚቀጥለውን ስብሰባ ንግግር ከአሁኑ እንዳዘጋጅ አሳሰበኝ። "እንዳንተ የሚናገር የለንም" አለ። ቀልዱ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። ከአምላክ ፍርድ ይልቅ የዲንግ ይቅርታ አስፈራኝ።

ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 13

አዲሱ ኮርኒስ ከምዕራብ ግድግዳ ተላቀቀ። ቢጫው ቀለም ላይ ጥቁር መስመር። አሁን ከማን እደብቀዋለሁ? ከሥሩ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ገና የሕፃን ሽታ አለው። ናፈቀችኝ። ይህን በግልጽ መጻፍ እችላለሁ፤ ናፈቀችኝ።

ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 16

ለኮሚቴው ስብሰባ ጠራሁ። አንድ አጀንዳ ብቻ አስቀመጥኩ፤ የሊቀመንበሩ ጉድጓድ። አንዱ ጥርሱን አመመው፣ አንዱ ኩሬው ፈረሰበት፣ ዲንግ ቀብር ነበረበት። ማን እንደሞተ አልነገረኝም። በባዶ ወንበሮች ፊት ስብሰባውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

ከዚያ ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ደውዬ ስለ ጉድጓዴ አመለከትኩ። ጸሐፊዋ ትሁት ነበረች። "የዚህ መንደር ጥቆማ መጀመሪያ በመንደሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር መፈረም አለበት" አለችኝ። "ሊቀመንበሩን ያውቋቸዋል?"

"በደንብ አላውቀውም" አልኳት። ከዚያ ሄጄ ፈረምኩ።

ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 21

ዓሦቹን ባገኘሁት ዋጋ ለነጋዴ ለቀቅሁ፤ ግማሾቹ ሞተው ነበር። ዛሬ ማለዳ የአውራጃው ሰዎች መጥተው ሞተሩን አወጡ፣ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ደፈኑት። ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘግቶ ነበር።

ሲሄዱ ግቢው ጸጥ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ አላለም። ከዲንግ ቤት ጀርባ ድምፅ ይመጣል። ከመንገዱ ማዶም ይመጣል። ከቤተ መቅደሱ አቅጣጫ ሳይቀር ይመጣል፤ የሞተር ድምፅ፣ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ሁሉም ይስባል። የራሴ ሲሠራ የሌላውን አልሰማሁም ነበር። አሁን ከየትም ቆሜ እሰማለሁ። የእኛ ቤት የቆመው በዚያው መሬት ላይ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ይሩ ደወለች። ጁንዴ ስለ ጉድጓዱ ሰምቶ ነግሯታል። ድምፅዋ የበፊቱ ነው፤ ለስላሳ። "አባባ፣ ደስ ብሎኛል። ጁንዴ ዛሬውኑ ሻንጣ ካላዘጋጀን እያለ ነው። እርስዎ ይንገሩኝ፤ የሚሉኝን አምናለሁ። ቆመ?"

ከጀርባዋ ልጅቷ ትነጫነጭ ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ፣ ፎጣ በእጇ ይዛ፣ በዓይኗ "ቆሟል በላት፣ ቆሟል በላት" ትለኛለች። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለግብኝ፤ ከዚህ በፊት በነጻ የሰጠሁት ቃል።

"አልቆመም ልጄ" አልኩ። "የእኔ ሞተር ቆሟል። ቤቱ ግን ይወርዳል። ልጅቷን እንዳታመጧት።"

"እሺ አባባ" አለች።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ያልሰማች መስላ፣ ፎጣውን እንደያዘች "መቼ ይመጣሉ?" አለች።

"አይመጡም።"

"ማን ከለከላቸው?"

"እኔ" አልኳት።